የአስታማሚ ሥራ፦ በላንጋኖ ዙሪያና በስምጥ ሸለቆ ከተሞች ታማሚን ከመውደቅ የመጠበቅ ታሪክ

የላንጋኖ ሐይቅ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ በምሥራቅ በአርሲ ተራሮች፣ በሰሜን በአሉቶ እሳተ ገሞራ በተከበበው የስምጥ ሸለቆ ወለል ላይ ይገኛል። ብዙ ኢትዮጵያዊ ስሙን የሚያያይዘው ከበቀለ ሞላ ሆቴልና ከበዓል ዕረፍት ጋር ቢሆንም፣ በዳርቻው ተወልዶ ለሚኖረው ሰው ግን ሐይቁ በሁለት የሕክምና አቅጣጫዎች መካከል ያለ ቦታ ነው፤ የታመመ ሰው ወደ ሰሜን በባቱ፣ ማለትም በቀድሞው ዝዋይ በኩል እስከ አዳማ፣ ወደ ደቡብ ደግሞ በአርሲ ነገሌ በኩል እስከ ሻሸመኔ ይጓዛል። የእነዚህ ከተሞች የሕክምና ታሪክ ሲጻፍ ሆስፒታሉን ማን እንደ ሠራው፣ ስንት አልጋ እንደነበረው፣ በማን ስም እንደ ተጠራ ይነገራል፤ አልጋው ላይ የተኛው ሰው ተነሥቶ እንዳይወድቅ ሌሊቱን ሲጠብቀው ያደረው ማን እንደሆነ ግን አይነገርም። መልሱ በአብዛኛው አስታማሚው ነው፤ በኢትዮጵያ ታማሚን ከመውደቅ መጠበቅ ከሆስፒታል በፊት የነበረ፣ ሆስፒታሉም ከተቋቋመ በኋላ በሠራተኞቹ ዝርዝር ሳያሰፍረው የተደገፈበት የቤተሰብ ሥራ ነው።

በሕክምና ሙያ የታማሚ መውደቅ የሚባለው አንድ ሰው ሳያስበው ከቆመበት፣ ከተቀመጠበት ወይም ከተኛበት ወደ ወለል ወይም ወደ ሌላ ዝቅ ያለ ቦታ መውረዱ ሲሆን፣ ጉዳት ባያደርስም እንደ ውድቀት ይቆጠራል። የዓለም ጤና ድርጅት በዓመት 684,000 ሰዎች በመውደቅ ምክንያት እንደሚሞቱና ከእነዚህም ከ80 በመቶ በላይ የሚሆኑት ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች እንደሚገኙ ይገምታል። ከዚህ ቁጥር ውስጥ በሆስፒታል የሚደርሰው ድርሻ ትንሽ ቢሆንም፣ ለመዳን በገባበት ቦታ ዳሌው የሚሰበር ወይም ጭንቅላቱ የሚደማ ሰው ጉዳይ ከሌላው ሁሉ የተለየ ኃላፊነት ያስከትላል፤ ምክንያቱም እንዲዳከም ያደረገው ሕመሙ ብቻ ሳይሆን የተሰጠው መድኃኒት፣ የተኛበት አልጋና የማያውቀው ክፍል ጭምር ነው።

ሆስፒታል ከመምጣቱ በፊት በነበረው ቤት ውስጥ ከአልጋ መውደቅ የሚያሰጋ ነገር አልነበረም ማለት ይቻላል። ታማሚ የሚተኛው መሬት ላይ በተነጠፈ ቁርበት ወይም ሰሌን፣ ወይም ከጭቃ ከፍ ተደርጎ በተሠራ መደብ፣ አቅሙ ላለው ደግሞ በጠፍር በተወጠረ የእንጨት አልጋ ላይ ነበር፤ ከእነዚህ አብዛኞቹ ከጉልበት ከፍታ አያልፉም፣ አንደኛው ጎናቸውም ብዙ ጊዜ ግድግዳ ነው። ከመኝታው ዝቅታ ይበልጥ የሚያስተማምነው ግን በዙሪያው ያለው ሰው ነበር። የጠና ታማሚ ብቻውን አያድርም፤ ዘመድና ጎረቤት ተራ ገብተው ያድሩለታል፣ ወደ ደጅ መውጣት ሲፈልግ ብብቱን ይዘው ያወጡታል፣ ልቡ ሲሸፍት ይይዙታል። ስለ አራስ የነበረው ጥንቃቄ ደግሞ ከዚህም የጠበቀ ነበር፤ አራስን ብቻዋን መተው ነውር የሚሆነው በልማዱ ከክፉ መንፈስ እንድትጠበቅ ቢሆንም፣ ደም የፈሰሳት ሴት ለመጀመሪያ ጊዜ ከመኝታዋ ስትነሣ ራሷን ልትስት እንደምትችል ለሚያውቅ አዋላጅ የልማዱ ጥቅም ግልጽ ነው።

ታማሚው ከቤት ወጥቶ ወደ ሐኪም የሚወሰድ ከሆነ ጥበቃው ወደ ቃሬዛ ይሸጋገራል። ቃሬዛ ሁለት ረጃጅም እንጨቶችን በአግዳሚና በጠፍር ወይም በገመድ በማያያዝ የሚሠራ የታማሚ መሸከሚያ ነው። በብዙ የገጠር ቀበሌዎች የእድር ወይም የቅሬ አባላት የሞተን ለመቅበር እንደሚጠሩት ሁሉ ታማሚን ለመሸከምም የመምጣት ግዴታ አለባቸው። ቃሬዛ የሚሸከሙ ሰዎች ትከሻ ሲለዋወጡ የሚጠነቀቁት ሸክሙ ሚዛኑን እንዳይስት ነው፤ ታማሚው በጋቢ ተጠቅልሎ በመጫኛ ወይም በነጠላ ይታሰራል፣ አንድ ሰውም ባዶ እጁን ከጎኑ እየሄደ ዓይኑን ከእርሱ አይነቅልም። ከአርሲ ደጋ ወደ ሐይቆቹ ቆላ የሚወርደው መንገድ ቁልቁለት በመሆኑ ይህ ባዶ እጁን የሚሄድ ሰው ከተሸካሚዎቹ ያልተናነሰ ሥራ ነበረው።

የስምጥ ሸለቆ የራሱ የሆነ ሌላ የፈውስ ቦታም ነበረው። በላንጋኖ ሰሜናዊ ዳርቻ በኦኢቱ፣ በአዋሽ ወንዝ አጠገብ በሶደሬ የሚፈልቀው ፍል ውሃ የመገጣጠሚያና የቆዳ ሕመም ያለበት ሰው የሚታጠብበት ነው፤ የአሉቶን የምድር ውስጥ እንፋሎት ለኤሌክትሪክ ማመንጫ የሚያበቃው ሙቀት ከብዙ ዘመን በፊት ለሕሙማን ውሏል። ሙቅ ውሃ የደም ሥሮችን ስለሚያሰፋ፣ ከውሃው በድንገት የሚነሣ ሰው የደም ግፊቱ ወርዶ ዓይኑ ሊጨልም ይችላል፤ ድንጋዩም ያዳልጣል። በሽተኛው በዘመድ ትከሻ ተደግፎ የሚገባውና የሚወጣው በዚህ ምክንያት ሲሆን፣ ልማዱ የደም ግፊት መለኪያ ሳይኖር የተደረሰበት ትክክለኛ ጥንቃቄ ነበር።

ዘመናዊ ሆስፒታል ወደ ኢትዮጵያ የመጣው በዐድዋ ጦርነት ማግስት ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) በ1896 ወደ አዲስ አበባ የመጣው የሩሲያ ቀይ መስቀል ቡድን ቁስለኞችን ማከም ከጀመረ በኋላ፣ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ዓመታት የምኒልክ ሆስፒታል ተከፈተ፤ ከዚያም በ1920ዎቹ አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን ያቋቋሙት ቤተ ሳይዳ ሆስፒታል ተከተለ። ከእነዚህ ተቋማት ጋር የብረት አልጋ መጣ። የብረት አልጋ ከፍ ብሎ የሚሠራው ሐኪሙና ነርሷ ሳያጎነብሱ ታማሚውን እንዲያክሙ፣ ከሥሩ ያለው ወለልም በቀላሉ እንዲጠረግ ነው፤ ለታማሚው ግን ይህ ከፍታ በመደብና በቁርበት ላይ ያልነበረ አደጋ ነው። ጉዳዩ በአውሮፓም ቀደም ብሎ ታስቦበት ነበር። የዘመናዊ ነርሲንግ መሥራች የምትባለው ፍሎረንስ ናይቲንጌል በ1859 ባሳተመችው የነርሲንግ መጽሐፍ የታማሚ አልጋ ከሶፋ ከፍ ማለት እንደሌለበት ጽፋለች፤ ከፍተኛ አልጋ ላይ መውጣትና መውረድ የደከመን ሰው ተነሥቶ ጥቂት ከመንቀሳቀስ እንደሚያግደው ተገንዝባ ነበር። ሆስፒታሎች ምክሯን ሳይሰሙ ለሠራተኛው የሚመች አልጋ ማስገባታቸውን ቀጠሉ።

በስምጥ ሸለቆ ከተሞች ይህ አልጋ የገባበት ዋነኛ በር አዳማ ነው። ከጣሊያን ወረራ ፍጻሜ በኋላ ለእርዳታ ወደ ኢትዮጵያ የመጡት የአሜሪካ ሜኖናይት ሚሲዮናውያን በ1946 ቀድሞ የጥጥ መዳመጫ በነበረ ግቢ ሆስፒታል ከፈቱ፤ ሆስፒታሉም በሸዋ ከጣሊያን ጋር ሲዋጉ በወደቁት አርበኛ በኃይለማርያም ማሞ ስም ተጠራ። ከተማዋ በዚያን ጊዜ ናዝሬት ትባል የነበረ ሲሆን፣ ሆስፒታሉ ዛሬ የአዳማ ሆስፒታል ሜዲካል ኮሌጅ ነው። ከባቡር መስመሩና ከአዋሽ ሸለቆ እርሻዎች ጋር የተያያዘች ከተማ በመሆኗ፣ ከአርሲም ከከረዩም ከሐይቆቹም ዙሪያ ታማሚ ይጎርፍላት ጀመር። ነርስ በአገሪቱ በጣት የሚቆጠር በነበረበት በዚያ ዘመን ሚሲዮኑ ድሬሰር የሚባሉ ወጣቶችን ማሠልጠን ጀመረ። ድሬሰር ቁስል የሚያጥብ፣ መርፌ የሚወጋ፣ መድኃኒት የሚያድል የበታች የጤና ባለሙያ ነው። በጊዜው የነርስ ሥልጠና ገና መጀመሩ ነበር፤ የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል የነርሶች ትምህርት ቤት የተከፈተው በ1949 ሲሆን፣ በለንደን የሕፃናት ሆስፒታል ነርስነት ተምረው የነበሩት ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ በ1942 በወጣትነታቸው ስላረፉ የሙያውን መስፋፋት ሳያዩ ቀርተዋል። የጎንደር የጤና ጥበቃ ኮሌጅም በ1954 ተከፍቶ የማኅበረሰብ ነርሶችን ማፍራት ጀመረ።

ይህ ሁሉ ሥልጠና የተመሠረተበት የውጭ አገር አሠራር ታማሚው ሆስፒታል ሲገባ ቤተሰቡ ደጅ እንደሚቀር፣ መመገብ፣ ማጠብ፣ ሽንት ቤት ማድረስና ከመውደቅ መጠበቅ የነርስ ሥራ እንደሚሆን ያስባል። በኢትዮጵያ ግን ለዚህ የሚበቃ ነርስ አልነበረም። አንድ ድሬሰር ወይም ነርስ ሌሊቱን ሙሉ አንድ ረጅም የሕሙማን ክፍል ብቻውን የሚጠብቅ ከሆነ፣ በአንደኛው ጫፍ መርፌ ሲሰጥ በሌላው ጫፍ የሚነሣውን ሰው ሊያይ አይችልም። ስለዚህ ሁለት አሠራሮች ጎን ለጎን ተቀመጡ፤ በመመሪያው ጠያቂ በጉብኝት ሰዓት ብቻ ይገባል፣ በተግባር ደግሞ ከእያንዳንዱ አልጋ አጠገብ አንድ አስታማሚ ያድራል። በር ላይ የቆመው ጥበቃ አስታማሚውን የሚያስወጣው በመመሪያው መሠረት ሲሆን፣ ነርሷ መልሳ የምታስገባው ሥራው ያለ እርሱ እንደማይሆን ስለምታውቅ ነው። የአስታማሚ ካርድ መሰጠት የጀመረው ይህን ግጭት ለማስታረቅ ቢሆንም፣ ካርዱ የመግቢያ ፈቃድ ከመሆን አልፎ የያዘውን ሰው ሥራ አይገልጽም።

አስታማሚው የሚሠራውን በቅርብ ለማየት አንድን የሌሊት ሰዓት መውሰድ ይበቃል። ታማሚው የሽንት ማሸኛ መድኃኒት ወስዷል፣ ክንዱ ላይ ጉሉኮስ ተሰክቷል፣ ጋቢ ተከናንቧል። ሽንቱ ሲመጣበት እግሩን ከአልጋው ያወርዳል፤ ወለሉ ሊሾ ነው፣ ከሽንት ቤቱ በር በኩል ውሃ ፈስሶበታል፣ በጨለማ የሚፈልገው ጫማ ደግሞ ተረከዝ የሌለው ነጠላ ጫማ ነው። አስታማሚዋ፣ ብዙውን ጊዜ ሚስቱ፣ እናቱ፣ እህቱ ወይም ልጁ፣ ቀድማው ትነሣለች፤ ለአፍታ በአልጋው ጠርዝ ታስቀምጠዋለች፣ ጫማውን ታጠልቅለታለች፣ የሚጎተተውን የጋቢ ጫፍ ትሰበስባለች፣ በአንድ እጇ የጉሉኮሱን ከረጢት ከፍ አድርጋ በሌላው ወገቡን ይዛ ታራምደዋለች። የሕክምና መጻሕፍት በድንገት መነሣት የደም ግፊትን ስለሚያወርድ ታማሚው ቁጭ ብሎ መቆየት አለበት ብለው የሚያስተምሩትን ጥንቃቄ ማንም ሳያስተምራት ትፈጽመዋለች።

ይህ ሲባል አስታማሚነት ጉድለት የለበትም ማለት አይደለም። አስታማሚዋ ሌት ተቀን ያለ ተተኪ ስለምትቆይ ትደክማለች፤ የምትተኛው በአልጋው ሥር ወይም ጎን በተነጠፈ ካርቶን ላይ በመሆኑ፣ እንቅልፍ ሲጥላት እርሷው ራሷ ታማሚው የሚሰናከልባት ትሆናለች። ሽባ የሆነን ሰው ክንዱን ጎትቶ ማንሣት ትከሻውን እንደሚያወልቀው፣ ተንሸራቶ የሚወድቅን ሰው ከመታገል ይልቅ ቀስ አድርጎ ወደ ወለል ማውረድ እንደሚሻል የነገራት የለም። ከሁሉም የሚከፋው ግን ተቋሙ ራሱ ከአልጋው አጠገብ የሚያርቃት መሆኑ ነው። በሆስፒታሉ የሌለ መድኃኒት ከውጭ እንድትገዛ፣ የደም ናሙና ወደ ላብራቶሪ እንድታደርስ፣ ካርድ ክፍልና ገንዘብ ቤት እንድትሰለፍ ማዘዣ ይሰጣታል፤ ማዘዣው የሚወጣው ደግሞ በአብዛኛው ሐኪሞች ታማሚ በሚጎበኙበት የጠዋት ሰዓት፣ ታማሚዎችም ለመታጠብና ለመጸዳዳት በሚነሡበት ጊዜ ነው። አንድ ተቋም ጠባቂ አድርጎ የተቀበለውን ሰው በዚያው ሰዓት ተላላኪ ሲያደርገው፣ አልጋው ያለ ጠባቂ እንደሚቀር ማሰብ ነበረበት፤ ይህን የሚያስብ የሥራ ድርሻ ግን በሆስፒታሎቹ መዋቅር ውስጥ ለረጅም ዘመን አልነበረም።

አስታማሚ የሌለው ታማሚ ጉዳይ በስምጥ ሸለቆ የራሱ ታሪክ አለው። ከአዳማ በስተደቡብ በቅርብ ርቀት በሚገኘው ወንጂ የኔዘርላንዱ ኩባንያ ኤች ቪ ኤ በ1954 ስኳር ማምረት ከጀመረ ወዲህ፣ ከከምባታ፣ ከሐዲያና ከወላይታ አገዳ ለመቁረጥ የመጡ ብዙ ሺህ ሠራተኞች ከዘመድ ርቀው መኖር ጀመሩ፤ በኋላም በባቱ የአበባ እርሻዎች ተመሳሳይ ነገር ተደግሟል። እንዲህ ያለው ሠራተኛ ሲታመም ከአገሩ የሚመጣለት ሰው ስለሌለ፣ የሚያነሣው የጎረቤት አልጋ አስታማሚ ነው። አንዲት ሴት ወንድሟን ልታስታምም ገብታ በግራና በቀኝ ያሉትን ሁለት የማታውቃቸውን ሰዎች ጭምር ስትደግፍ መገኘቷ በእነዚህ ክፍሎች የተለመደ ነው፤ ልማዱ ከዝምድና አልፎ ወደ እንግዳ የተሻገረበት ይህ አጋጣሚ ከስምጥ ሸለቆ የሥራ ፍልሰት ታሪክ ተለይቶ ሊታይ አይገባም።

የአካባቢው ምድርም በታማሚው አካል ላይ የራሱን ጫና አሳርፏል። የስምጥ ሸለቆ የከርሰ ምድር ውሃ በእሳተ ገሞራ ዐለት ውስጥ ስለሚያልፍ ብዙ ፍሎራይድ ይይዛል፤ የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ሲሆን፣ በሸለቆው ያሉ ብዙ ጉድጓዶች ከዚህ እጅግ ያልፋሉ። በወንጂ ለብዙ ዓመታት ይህን ውሃ የጠጡ ሠራተኞች አጥንታቸው እየወፈረ፣ ጅማቶቻቸው እየደደሩ፣ አከርካሪያቸው እንደ በትር እየደረቀ ሄደ፤ በሽታው የአጥንት ፍሎሮሲስ ይባላል። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በ1980ዎቹ ባሳተሟቸው ጥናቶች እንዳሳዩት፣ በከፋ ደረጃ ላይ የወፈረው አጥንት ኅብለ ሰረሰርን ስለሚጫን እግር ይዝላል፣ አካሄድም ይበላሻል። አንገቱን ማጎንበስ የማይችል ሰው እግሩ ሥር ያለውን ደረጃ ወይም የፈሰሰ ውሃ ማየት አይችልም፤ ሲንገዳገድም ወገቡን አጥፎ ሚዛኑን መመለስ አይሆንለትም። በሻሸመኔ የሱዳን ኢንቲሪየር ሚሽን በ1950ዎቹ ባቋቋመው የሥጋ ደዌ ሕክምና ጣቢያ የነበሩት ታማሚዎች ችግር ደግሞ ሌላ ነበር፤ በሽታው ነርቭን ስለሚያደነዝዝ የእግራቸው መዳፍ ወለሉን አይሰማውም፣ ጣቶቹ የታጠፉ እጅም ምርኩዝ ወይም የአልጋ ብረት አጥብቆ መያዝ አይችልም። በዚህ ሸለቆ ለመውደቅ የተጋለጠ ሰው ሲታሰብ ሽማግሌውንና አሮጊቱን ብቻ ማሰብ የማይበቃው ለዚህ ነው።

በውጭው ዓለም በዚህ ጊዜ የተመረጠው መንገድ መሣሪያ ነበር። በአሜሪካ ሆስፒታሎች በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ የአልጋ መከለያ፣ ማለትም በአልጋው ሁለት ጎን የሚነሣና የሚወርድ የብረት አጥር፣ የነርስ እጥረትን ለማካካስ ተስፋፋ። የኋላ ኋላ ግን አእምሮው የተምታታበት ታማሚ መከለያውን ለመሻገር ሲሞክር ከበለጠ ከፍታ እንደሚወድቅ፣ አንዳንዱም በመከለያውና በፍራሹ መካከል ተቀርቅሮ እንደሚሞት ታወቀ፤ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በ1995 ስለዚሁ ማስጠንቀቂያ አወጣ። ከመሣሪያው ጋር መለኪያም መጣ። ጃኒስ ሞርስ የተባለች ተመራማሪ በ1989 ያሳተመችው መለኪያ ስድስት ነገሮችን ይጠይቃል፤ ታማሚው ከዚህ በፊት ወድቆ ያውቅ እንደሆነ፣ ከአንድ በላይ ሕመም እንዳለበት፣ በምን ተደግፎ እንደሚሄድ፣ ጉሉኮስ የተሰካለት እንደሆነ፣ አረማመዱ ምን እንደሚመስል፣ አቅሙን በትክክል ይገምት እንደሆነ ይጠየቅና እስከ 125 የሚደርስ ነጥብ ይሰጠዋል። መለኪያው ዛሬ በብዙ አገሮች ይሠራበታል። ከስድስቱ ጥያቄዎች አንዱም ግን ከአልጋው አጠገብ ማን እንዳለ አይጠይቅም፤ ለተሠራበት አገር ይህ ጉድለት ላይሆን ይችላል፣ በአዳማ ወይም በሻሸመኔ ግን ነርሷ ክፍሉ ውስጥ ስትገባ በመጀመሪያ የምታየው ይህንኑ ነው።

የኢትዮጵያ ጤና ሚኒስቴር በ2010 ያወጣው የሆስፒታሎች ማሻሻያ መመሪያና በ2016 የተከተለው የሆስፒታል አገልግሎት ትራንስፎርሜሽን መመሪያ የነርሲንግ አገልግሎትን ራሱን የቻለ ጉዳይ አድርገው ነርሷ የእያንዳንዱን ታማሚ ሁኔታ መዝግባ የእንክብካቤ ዕቅድ እንድታወጣ አዘዋል፤ ይህ ትልቅ እርምጃ ነው። ከዚያ ወዲህ አስታማሚ ሲጠፋ ምን እንደሚሆን የታየው በ2020 ነው። የኮሮና ወረርሽኝ ሲገባ በአዲስ አበባ የሚሊኒየም አዳራሽን በመሰሉ የሕክምና ማዕከላት ቤተሰብ እንዳይገባ ስለተከለከለ፣ ኦክስጅን ላይ ያለን ሰው ሽንት ቤት የማድረስ ሥራ ሁሉ መከላከያ ልብስ በለበሱ ነርሶች ላይ ወደቀ፤ ቤተሰብ ሲሸከመው የኖረው ሥራ ምን ያህል እንደሆነ በግልጽ የታየው ያን ጊዜ ነበር።

በዚያው ዓመት የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት ደግሞ ከሌላ አቅጣጫ ወደዚሁ ይመጣል። በቦስተንና በኒው ዮርክ በሦስት ሆስፒታሎች 14 ክፍሎች ውስጥ፣ ነርሷ የታማሚውን የመውደቅ ምክንያቶችና መደረግ ያለበትን ጥንቃቄ ከታማሚውና ከቤተሰቡ ጋር ሆና በሥዕላዊ ወረቀት ላይ ሞልታ ራስጌው እንድትሰቅል ተደረገ፤ ውድቀት በ15 በመቶ፣ ጉዳት የሚያደርስ ውድቀት ደግሞ በ34 በመቶ ቀነሰ። እነዚያ ሆስፒታሎች ቤተሰብን ወደ አልጋው ለማቅረብ ጥረት ማድረግ ነበረባቸው፤ በስምጥ ሸለቆ ከተሞች ግን ቤተሰቡ አልጋው ዘንድ ከመጀመሪያው አለ። የሚቀረው አስታማሚው በገባበት ምሽት የአልጋው ጎማ እንዴት እንደሚቆለፍ፣ ታማሚው ከመነሣቱ በፊት ምን ያህል እንደሚቀመጥ፣ ለብቻ ማንሣት ሲያቅት ማን እንደሚጠራ እንዲነገረው፣ ለማዘዣ ሲላክም ታማሚውን ለማን አስረክቦ እንደሚሄድ እንዲወሰን ነው። ወደ ሻሸመኔ ወይም ወደ አዳማ የሚመጣው አስታማሚ አፋን ኦሮሞ፣ አማርኛ፣ ሲዳምኛ ወይም ከምባትኛ ሊናገር፣ ከጽሕፈትም ጋር ላይተዋወቅ ይችላልና፣ ራስጌ የሚሰቀለው ወረቀት ከፊደል ይልቅ ሥዕል ቢበዛበት፣ የቃል ማስረዳቱም ቋንቋውን በሚችል ነርስ ቢፈጸም ይመረጣል።